ወፌ ቆመች ከዶሮ ቤቱ ጎን

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የጓሮ ግብርና የሚያካሂዱ ቤተሰቦች ውሏቸው ደጅ ነው። ጎመኑ የሚኮተኮተው፣ ለዶሮው መኖ የሚበተነው፣ ልብሱ የሚታጠበው፣ ቡናውም ብዙ ጊዜ የሚፈላው ግቢ ውስጥ ነው። በዚህ ውሎ መካከል የሚያድገው ሕፃን የተለየ ስፍራ የለውም። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከርሞ አንድ ቀን መሬት ይወርዳል። መጀመሪያ ይድሃል፤ ቀጥሎ የአትክልት መደቡን ጠርዝ ወይም የአጥሩን እንጨት ተደግፎ ይነሳል፤ ቤተሰቡ አጨብጭቦ "ወፌ ቆመች" ይልለታል። ከዚያች ዕለት በኋላ ግቢው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በእጁ ሥር ነው። ዶሮው፣ አፈሩ፣ የውኃ በርሜሉ፣ መድኃኒት የተረጨበት ጠርሙስም ጭምር።

ስለ ከተማ ግብርና በሚቀርቡ ሪፖርቶች የሚቆጠረው የተሰራጨው ዶሮ፣ የተሰበሰበው እንቁላልና በሊትር የተለካው ወተት ነው። በዚያው ግቢ ዳዴ የሚለው ሕፃን በሪፖርቱ ውስጥ ረድፍ ተመድቦለት አያውቅም። ይሁንና ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ የሚካሄደው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓላማ የቤተሰብን ማዕድ ማሟላት ነውና፣ ከማዕዱ ቀዳሚ ድርሻ የሚገባው ገና እርምጃ የሚለማመደው ልጅ ነው። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቆም የታሰበ ነው። የዚህ ዕድሜ እኩሌታ ደግሞ ሕፃኑ መሬት ላይ ወርዶ የሚያሳልፈው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በሚገኙ ጤናማ ሕፃናት ላይ ባደረገው ክትትል፣ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር ጥቂት ቀናት አንሥቶ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አማካዩ 12 ወር አካባቢ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በዓመቱ ሮጦ የራስ ልጅ በ14 ወሩ ገና አጥር ቢደገፍ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ጨርሶ ሳይድሁ በቀጥታ የሚቆሙም ጥቂቶች አሉ። ሆኖም 18 ወር ሞልቶት ያለ ድጋፍ የማይሄድ ሕፃን ጤና ጣቢያ ሊታይ ይገባዋል። "የአባቱም እግር የዘገየ ነበር" እያሉ መጠበቅ የተለመደ ቢሆንም፣ ከመዘግየቱ ጀርባ ሊታከም የሚችል ችግር ሊኖር ይችላል። ከነዚህ አንዱ በሐኪሞች ዘንድ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ ነው።

አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት ሀገር

ሪኬትስ በዋናነት የቫይታሚን ዲ ወይም የካልሲየም እጥረት ውጤት ነው። ሰውነት ቫይታሚን ዲን የሚሠራው ቆዳ ላይ ከሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን ነው። እጥረቱ ሲኖር አጥንት በቂ ማዕድን አያገኝም፤ የሕፃኑ እግር ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው ይቆለመማል፣ የእጁ አንጓ ይሰፋል፣ ጥርሱ ይዘገያል፣ መቆምና መራመዱም ወደ ኋላ ይጎተታል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችና ዓመቱን ሙሉ ጠንካራ ፀሐይ በምታገኝ ሀገር ይህ በሽታ መኖሩ እንቆቅልሽ ይመስላል።

ነገሩ ግን በአዲስ አበባ ከታወቀ ቆይቷል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ ስዊድሽ የሕፃናት ሆስፒታል ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት፣ የሳምባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ እንደነበረባቸው አሳይቷል። የሳምባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። ሌሎች ምክንያቶች ተጣርተው ከወጡ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ያለባቸው ሕፃናት ለሳምባ ምች ያላቸው ተጋላጭነት ከ13 እጥፍ በላይ ሆኖ ታይቷል። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ደረትን አጽንቶ መያዝ ስለማይችል የሕፃኑ አተነፋፈስ ይዳከማል። የእግር ችግር የሚመስለው ነገር ሕይወት እስከማሳጣት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

አርሶ አደሩን ሊያስደስት የሚችል ሌላ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ይህ ጥናት በአዳማ ከተማና በአዳማ ዙሪያ ገጠር የሚኖሩ ከ11 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን 174 ተማሪዎች የቫይታሚን ዲ መጠን ለክቶ ነበር። ከከተማ ልጆች 62 በመቶ ያህሉ እጥረት ሲገኝባቸው ከገጠር ልጆች ግን እጥረት የነበረባቸው 21 በመቶ ያህሉ ናቸው። ፀሐይዋ ለሁለቱም አንድ ናት። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲያግድ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ማሳ ውስጥ ሲረዳ ደጅ ይውላል፤ የከተማው ልጅ ክፍል ውስጥ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ በዚህ ረገድ በሁለቱ መካከል ያለች ናት። በአንድ በኩል ግቢ ያላቸው፣ ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው ሲያርሱና ከብት ሲያረቡ የኖሩ ቤተሰቦች አሉባት። በሌላ በኩል ጠባብ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ሞልተውባታል። ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል የሚነፍሰው የማለዳ ብርድ ብዙ እናቶች ልጃቸውን በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንዲቆይ ያስገድዳቸዋል። ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል የሚለው ሥጋትም ተጨምሮ ሕፃኑ የፀሐይ ብርሃን ሳያገኝ ሳምንታት ያልፋሉ። ክረምት ከገባ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ይሸፍናል። ከመስኮት መስታወት ጀርባ ማስቀመጥም ብዙ አይረዳም፤ ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋልና።

ጓሮ የምትኮተኩት እናት ልጇን ሰሌን ላይ አስቀምጣ እግሩንና እጁን ለማለዳ ፀሐይ ገልጣ ስትተወው ሥራዋን አላቆመችም፤ ለልጇም መድኃኒት ሰጥታዋለች። ከተጠቀለለ ልጅ ይልቅ የተገለጠው ይጠቀማል። የጠነከረው የቀትር ፀሐይ ግን ለትንሽ ልጅ አይመከርም።

ዶሮው ከየት ያድራል?

ደጅ መዋል በጎ ነው ሲባል ደጁ ምን እንደያዘ መታየት አለበት። በጓሮ ግብርና በኩል ትልቁ ጥያቄ ያለው ዶሮ ላይ ነው።

ዴሬክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ገጠር መረጃ ተንትነው ሁለት ጎን ያለው ውጤት አግኝተዋል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ነበሩ። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ሲያድሩ ግን ያ ጥቅም ይጠፋል፤ የልጆቹ ቁመት ወደ ታች ያዘነብላል። አንድ ዓይነት ሀብት፣ አንድ ዓይነት እንቁላል፤ ልዩነቱን የፈጠረው የዶሮው ማደሪያ ነው። በከተማም ቢሆን ሌባና ብርድ እየተፈራ ዶሮ ከአልጋ ሥር ወይም ከማጀት ጥግ ማሳደር የተለመደ ነውና ነገሩ ለኮልፌ ነዋሪም ሩቅ አይደለም።

ምክንያቱ የሚድህና የሚቆም ልጅ እጅ የሚሄድበት ስፍራ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ የሕፃናትን ውሎ ሰዓት ቆጥረው የተከታተሉ ተመራማሪዎች ሕፃናቱ አፈርና የዶሮ ኩስ ወደ አፋቸው ሲወስዱ አይተዋል፤ በአንድ ግራም ኩስ ውስጥም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። በሀገራችንም በምሥራቅ ሐረርጌ ሐረማያ ወረዳ ዓመት የሞላቸው ሕፃናት ሰገራ ሲመረመር ካምፒሎባክተር የተባለው፣ በዋናነት ከዶሮና ከከብት የሚተላለፈው ተህዋስ በግማሾቹ ላይ ተገኝቷል። ሕፃኑ ሁልጊዜ ተቅማጥ ላይይዘው ይችላል። ተህዋሱ አንጀቱን እያቆሰለ የሚበላው ምግብ ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ሲያደርግ ግን ዕድገቱ ቀስ በቀስ ይቀራል። እናቲቱ እንቁላል አብልታ ሳለ ልጇ ለምን እንዳልፋፋ የምትገረመው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰሌን አንጥፎ ወይም ልጁን በእንጨት አጥር ከልሎ ማስቀመጥ ብቻውን ችግሩን አይፈታም። በዚምባብዌ ሰፊ በሆነ ሙከራ ለቤተሰቦች መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የመጫወቻ ምንጣፍና መከለያ ተሰጥቶ የሕፃናቱ ቁመት ለውጥ አላሳየም። ለውጥ ያሳየው የአመጋገብ ድጋፉ ነበር። ዶሮው ግቢ ውስጥ እንዳሻው እየዞረ ልጁን ለአንድ ሰዓት ከልሎ ማቆየት ብዙ አያተርፍም። መከለል ያለበት ዶሮው ነው።

ሀላባ ላይ ዶሮዋ የልጁ ሆነች

በዚህ ርዕስ ለወረዳ ባለሙያዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ተሞክሮ ያለው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በቀድሞው ሀላባ ልዩ ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት በሁለት የገጠር ቀበሌዎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 18 ወር የሆኑ ሕፃናትን ያካተተ ነበር። በአንደኛው ቀበሌ ለእያንዳንዱ ሕፃን ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በስጦታ ተሰጡት። ለእናት ወይም ለአባት የተሰጠ ሳይሆን ለሕፃኑ የተሰጠ ነው። ስጦታው የተበረከተው ሕዝብ በተሰበሰበበት ሥነ ሥርዓት ሲሆን፣ ወላጆች በየቀኑ አንድ እንቁላል ለልጁ ሊያበሉት፣ ዶሮዋ ብትሞት ሊተኩ ቃል ገቡ። ዶሮዎቹም ተከልለው እንዲያዙ ተደረገ።

የሥራው ብልሃት ባለቤትነቱ ላይ ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ ዳር እንቁላል የዕለት ጥሬ ገንዘብ ነው። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር የሚገዛው በእርሱ ነው፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ዶሮዋ ራሷ ገበያ ትወጣለች። ሕፃኑ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈውን ይጠብቃል። ዶሮዋ የልጁ ናት ተብሎ በጎረቤትና በሽማግሌ ፊት ሲነገር ግን እንቁላሉን መሸጥ የልጅን ንብረት መሸጥ ይሆናል። ይህን ማንም በቀላሉ አያደርገውም።

ከስድስት ወር በኋላ ዶሮ የተሰጣቸው ሕፃናት ክብደት ከሌላው ቀበሌ ሕፃናት ተሽሎ ተገኘ። ከዚህም በላይ ሩጫ ቀድመው ጀመሩ። አንድ እንቁላል በቀን፣ ስድስት ወር፣ ከዚያ ሩጫ። እርግጥ ነው፣ እንቁላል በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ውጤት አላመጣም። በኢኳዶር የሕፃናትን ቁመት ጎላ ባለ መጠን ሲጨምር ማላዊ ላይ ግን ያንን ያህል አልታየም። ማላዊ ውስጥ ጥናቱ የተካሄደባቸው ሕፃናት ቀድሞውኑ ዓሣ ይመገቡ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ሕፃን ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ እምብዛም ስለማይቀርብለት የእንቁላሉ ድርሻ ከፍ ይላል።

ሌላው የኛ ሀገር ጉዳይ ጾም ነው። ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም። ነገር ግን በጾም ወራት ድስቱና ጭልፋው እንዳይነካካ ሲባል ለልጁ እንቁላል የማይቀቀልበት ቤት ብዙ ነው። ለልጁ አንዲት ትንሽ ብረት ድስትና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነገሩን ይፈታዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በዚህ ላይ ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሲመካከሩ ቆይተዋል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ቁጥሩ 15 በመቶ ገደማ ነበር። ከተማዋ በአማካይ የተሻለች ብትሆንም አማካዩ የኮልፌን ጠባብ ግቢና የቦሌን ቪላ አንድ ላይ የሚደምር ነው።

ወንዙና ጠርሙሱ

ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ወርዶ የምዕራቡን ሰፈሮች እያቋረጠ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይሄዳል። በመንገዱ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀላቀልበታል። በአቃቂ ወንዞች ውኃ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶች ደጋግመው አግኝተዋል። ሰላጣና ቆስጣ ከድንችና ከሽንኩርት ይልቅ ብረቱን በቅጠላቸው ይሰበስባሉ። ከባድ ብረት በተለይም እርሳስ ከሁሉ የሚጎዳው አእምሮው ገና በመገንባት ላይ ያለን ሕፃን ነው፤ እርሱ ደግሞ አትክልቱን ይበላል፣ አፈሩንም ይቀምሳል። ስለዚህ ወንዝ ዳር የሚያለሙ ቤተሰቦች ለልጃቸው የሚያበስሉትን ጎመን በጣሪያ ውኃ ወይም በቧንቧ ውኃ በተለየ መደብ ቢተክሉት ይሻላል። በጆንያ፣ በአሮጌ ጎማና በባልዲ የሚተከለው አትክልት የሚመሰገነው ለቦታ ቁጠባው ብቻ አይደለም፤ አፈሩን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። ረጲ በሚገኘው የቆሼ ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚወሰድ "ለም" አፈር ለዚህ አይሆንም።

ጠርሙሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ፀረ ተባይ በጅምላ ተገዝቶ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ ይሸጣል። ያ ጠርሙስ ለልጅ ዓይን የውኃ ጠርሙስ ነው። ገና መራመድ የጀመረ ልጅ የሚደርሰው ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ነገር ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን በርጩማ ገፍቶ መደርደሪያ ላይ ይደርሳል። ኬሚካል ቢቻል ከነማሸጊያው፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። የውኃ በርሜልና የብስባሽ ጉድጓድም ክዳን ይፈልጋሉ።

ስለ እግር ከተነሣ ጫማም ይነሣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጋቸው ጥናቶች በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት መንስኤው አፈሩ ራሱ መሆኑን አስረድቷል። በሽታው የሚጀምረው በጎልማሳነት ቢመስልም መጋለጡ የሚጀምረው በልጅነት ነው። ለመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በንጹሕ ስፍራ ባዶ እግር ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል፤ ማሳ መግባት ሲጀምር ግን ጫማ ያስፈልገዋል። እግሩን ማታ በሳሙና ማጠብም ዋጋው ትንሽ ነው።

ከጽሕፈት ቤቱ ምን ይጠበቃል?

አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራም እያካሄደ ይገኛል። ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ወላጆችን ያማክራሉ፤ በየሰፈሩ መጫወቻዎች ይዘጋጃሉ። የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን መዋቅር ደግሞ እስከ ወረዳ ወርዶ ዶሮ፣ ዘርና ምክር ያደርሳል። ሁለቱ ባለሙያዎች የሚያንኳኩት በር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የሚነጋገሩበት አጋጣሚ ግን ጥቂት ነው። የግብርና ባለሙያው ዶሮ ሲያስረክብ በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን መኖሩን በቅጹ ላይ ቢሞላ፣ የቤት ለቤት አማካሪዋ ደግሞ ዶሮው የት እንደሚያድር ብትጠይቅ፣ ለሁለቱም አዲስ በጀት አያስፈልግም።

ዶሮ ቤት ሳይሠራ ዶሮ ማስረከብ የዕቅድ አፈጻጸምን በቁጥር ያሳምራል። ውጤቱ ግን ሄዲና ሂርቮነን ያዩት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ርክክቡ ከዶሮ ቤቱ መጠናቀቅ ጋር ቢተሳሰር ተገቢ ነው። ዶሮ ቤቱ ውድ መሆን የለበትም። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል፣ ሽቦ ወንፊት፣ ዝናብ የማያስገባ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ቆጥ፣ ከሥሩ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ቢኖረው ይበቃል። በሩ ልጁ ከሚውልበት ወገን በተቃራኒ ቢሆን ይመረጣል። የሚጠረገው ኩስ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ በቂ ጊዜ ሲቆይ ለጎመኑ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጥሬው ኩስ ለልጁም ለተክሉም ጎጂ ነው።

ግቢ የሌላቸው ቤተሰቦች ጉዳይ ይቀራል። በኪራይና በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሕፃን ፀሐይ የሚያገኘው የሰፈሩ ክፍት ቦታ ሳይታጠር ሲቀር ነው። የወረዳው መሬት አስተዳደር ለማኅበራት የልማት ቦታ ሲሰጥ ጥግ ላይ ጥቂት ካሬ ሜትር ለሕፃናት ቢተው የጎመን ምርቱን የሚጎዳ አይሆንም፤ እናቶቹም ልጃቸውን በዓይናቸው እያዩ ይኮተኩታሉ።

ሰኔ ከገባ የኮልፌ መሬት ይጨቀያል፣ ፀሐይዋ ትሸሸጋለች፣ ዶሮውም ከዝናብ ሸሽቶ ወደ ሰው ቤት ይገባል። ዶሮ ቤቱ ተሠርቶ ማለቅ ያለበት ከዚያ በፊት፣ በግንቦት ውስጥ ነው።